አባቴ የተወለደበት ቀበሌ

ሰው የት ተወለድክ ሲባል የሚሰጠው መልስ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ይህን ትምህርት ቤት አይደለም የተማርኩት፤ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ለዓመታት አቧራ ስውጥ ነው። ቄስ ከጠየቀው የደብሩን ታቦት ይጠራል። ነጋዴ ከጠየቀው የሚወጣበትን ገበያ ይናገራል። የጋብቻ ሽማግሌ ከጠየቀው አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርና ፊተኛው ሰው የሰፈረበትን ወንዝ ይነግረዋል። መንግሥት ሲጠይቀው ግን መጀመሪያ ያስባል።

አምቦ ራሷ በንጉሡ ጊዜ ለደብዳቤ ሀገረ ሕይወት፣ ለሰው አፍ አምቦ ነበረች። አብዮቱ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፣ ምክትል ወረዳ ቀረ፣ አጥቢያ ዳኛም ቀረ። የገጠሩ መሬት እየተሸነሸነ ገበሬ ማኅበር ሆነ፣ ከተማው ደግሞ በቀበሌ ቁጥር ተከፈለ። በባላባት ስም ይጠራ የነበረ መንደር ሁሉ ስሙ ተፋቀ። አንዱ ወንዝ ለሁለት ማኅበር ድንበር ሲሆን፣ ማዶ ለማዶ የሚኖሩ ወንድማማቾች በአንድ ቀን የተለያየ ማኅተም ሥር አደሩ። በዚህ መካከል የድሮውን ስም ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ሰው አስፈለገ። እኔ ነበርኩ ያ ሰው።

ልደብቀው አልፈልግም፣ እኮራበት ነበር። ከጊንጪ እስከ ጌዶ፣ ከዚያም ወደ ጎጆ ከተማ ሽቅብ፣ የትኛው መንደር የማን ምስለኔ ግዛት እንደነበረና ዛሬ የትኛው ማኅበር እንደሆነ ሳላገላብጥ እናገር ነበር። የወረዳ ኃላፊዎች ሳይቀሩ እየመጡ ይጠይቁኛል። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩና ራሴን እንደ አንድ ነገር ቆጥሬ ነበር።

በሰባዎቹ አጋማሽ ለሠራተኛው ሁሉ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ታደለ። የራስን ብቻ አይደለም፣ የአባትንም የትውልድ ቦታ እስከ ገበሬ ማኅበር ድረስ ይጠይቃል፤ ከማኅበሩም የማረጋገጫ ደብዳቤ ይያያዝ ይላል። እቤት ሄጄ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ አናጢ ነበር፣ የተወለድኩበት ቤት ከፊት ለፊቱ የእሱ የሥራ ቦታ ነው። ከእንጨቱ ቀና ሳይል፣

«ከጊንጪ በላይ፣ ጭልሞ ጥግ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«አባባ፣ ጭልሞ ጫካ ነው። ጥጉ ብቻ አራት ማኅበር አለው።»

«አንዱን ጻፊ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ዝም ብላ ስትሰማን ነበር። ብዙ የምታወራ ሴት ስለነበረች ዝምታዋ ያን ዕለት ሊገርመኝ ይገባ ነበር፣ ግን አልገረመኝም። አባቴ የዛሬውን አከፋፈል ስለማያውቅ ነው ብዬ አዘንኩለት፣ ለአራቱም ማኅበራት ደብዳቤ ጻፍኩ። አራቱም በእንዲህ ያለ ስም የሚታወቅ ሰውም ሆነ ቤተሰብ የለንም ብለው መለሱ።

ቅጹን የሚሰበስበው ሰው በነገሩ ሳቀ። «አባትሽ ከሰማይ ነው የወረዱት?» አለኝ፣ በሌላ ሰው ፊት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ሁለት ጊዜ ከተቀለደ ቀልድነቱ ይቀራል። ያለፈ ታሪኩን የማያስረዳ ሰው ወይ የባላባት ዘር ነው ወይ የሚፈለግ ነው ተብሎ ይያዝ ነበርና ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን እልሁ ይበልጥ ነበር። የሰውን ሁሉ አገር እያገኘሁ የአባቴን ማጣቴ ደሜን አፈላው።

ከዚያ ፍለጋ ጀመርኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ከሥሩ ያዝኩት። አባቴ በዓመት አንድ ቀን፣ መጋቢት አቦን፣ መጋዙን አያነሳም። ጎረቤቶቻችን ተራ የሥራ ቀን አድርገው ሲውሉት እሱ ልብሱን አጥቦ ለብሶ፣ ደጃፍ ላይ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ይውላል። በእኛ አገር ሰው ከመንደሩ ቢሰደድም የተነሳበትን ደብር ንግሥ አይረሳም። ጭልሞ ዙሪያ ደግሞ የአቦ ደብር አልነበረም። የድሮ የአጥቢያ ዝርዝሮችን ሳገላብጥ በአውራጃው ውስጥ ሦስት የአቦ ደብሮች አገኘሁ። ከአምቦ በስተሰሜን የሚገኘው አንዱ ብቻ ነው፣ ከጎጆ በላይ፣ ገብስና በግ እንጂ ሌላ የማይገኝበት ብርድ አገር። የዚያን አጥቢያ የግብር መዝገብ ከታችኛው መደርደሪያ ጎትቼ አወጣሁ። የአባቴን አባት ስም ከነአያቱ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ አገኘሁት። ሰው አገሩን ይዋሻል እንጂ የአባቱን ስም አይዋሽም ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ለማኅበሩ በሥርዓቱ ጻፍኩ። የአባቴን ሙሉ ስም፣ የአያቴን፣ የድሮውን አጥቢያ፣ አሁን በአምቦ ከተማ ነዋሪ መሆኑን፣ በመጨረሻም የእኔን ስምና መሥሪያ ቤት። በዚያ ጊዜ ለገበሬ ማኅበር የተላከ ደብዳቤ ሁሉ በስብሰባ ላይ ለሕዝብ ይነበባል። ይህን አውቅ ነበር። የእኔም ደብዳቤ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሕፃን ያዘለችው ሁሉ ባለበት ተነቧል።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሁለት መስመር ነበር። የተጠቀሰው ሰው በዚህ ማኅበር ክልል መወለዱ ይታወቃል ይላል የመጀመሪያው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ግለሰቡ በሕይወት መኖሩን እንድትገልጹልን በትሕትና እንጠይቃለን ይላል። ማኅበር እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ዘር ከልጓም ይስባል፣ ዘመዶቹ ናፍቀውት ነው አልኩ። በሕይወት አለ ብዬ በዚያው ቀን መለስኩ።

አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሰው መጣ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከሲታ፣ ጋቢው በጤዛ የራሰ ሰው ነው። ዱላውን በአክብሮት ከበሩ ውጭ አስደግፎ ገባ፣ የጻፍኩትን ደብዳቤ አራት ቦታ አጥፎ ይዞታል። «አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለኝ። እህቴ ደህና ነሽ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛው ተሻገረ።

«የአያትሽ ቤትና የእኛ ቤት አንድ ቦይ ነው የሚለያቸው። አባትሽን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ደስ አለኝ። ወንበር ሰጠሁት። የጠየቀኝ ቀበሌውን ብቻ ነበር፤ እኔ ግን የቤት ቁጥሩን፣ የሚታጠፍበትን ወፍጮ ቤት፣ አባቴ ከበሩ ፊት ለፊት ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ እንደሚሠራ ሳይቀር ነገርኩት። እሱ በጥሞና ሰማኝ። ዛሬ ግን አልሄድም፣ ለቅዳሜ ገበያ ስመለስ እደርሳለሁ አለና አመስግኖ ወጣ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ ካገለገልኳቸው ሰዎች ሁሉ እንደሱ ያመሰገነኝ አልነበረም።

ማታ እራት ላይ የማኅበሩን ደብዳቤ ከአባቴ ፊት አስቀመጥኩለት። አንብቦ ይስቃል፣ እንዴት አገኘሽው ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወረቀቱን ወደ እኔ መለሰና፣

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለመጣውም ሰው ነገርኩት። እናቴ እጇን ከወጡ ላይ አንስታ ተነሳችና በሩን ዘጋችው።

ያኔ ነው አባቴ የነገረኝ። በጎረምሳነቱ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው የድንበር ቦይ ተጣልቶ አንድ ሰው በዱላ መታ፣ የተመታው ሰው አልተነሳም። ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ሬሳው ሳይነሳ፣ አገሩን ጥሎ ወጣ። የሟች ሚስት የስድስት ወር ልጅ ታጠባ ነበር። እኔ ወንበር የሰጠሁት ሰው ያ ልጅ ነው።

«ጉማ ይደረግ» አልኩት። ጉማ የገዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ደሙን የሚያስታርቅበት የኦሮሞ ሥርዓት ነው። አለማወቄን ለመሸፈን ነው መሰለኝ እየደጋገምኩ ተናገርኩት።

«ጉማ አገሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ሸሽቻለሁ። በእነሱ ዘንድ የሸሸ ሰው ሁለት ጊዜ የገደለ ነው።» ትሪውን ገፋ አድርጎ፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁት» አለ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ጠዋት መጋዙንና መሮውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ወደ ነቀምት መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ እኔና እናቴ ሸኘነው። የት እንደሚወርድ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ጋቢውን እየተከናነበ፣ «ሥራሽን አሳምረሽ ነው የሠራሽው» አለኝ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማንም ሥራዬን ሲያመሰግን ተነስቼ እወጣለሁ።

ቅዳሜ ሰውየው ቢሮዬ መጣ። «ቤት ሄጄ ነበር፣ የሉም» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ እንዳወቅሁ ከፊቴ አንብቧል መሰለኝ፣ ሳይደብቅ ተናገረ።

«ሽማግሌ ፊት ይቅረቡ ነው የምንለው። ሌላ የምንለው የለም።»

«ከቀረበስ?»

«ሽማግሌ ያውቃል።» ቀጠለና፣ «አባትሽ እንዲህ ጠፍተው ሲኖሩ እኛ ማንንም አልነካንም። ወንድማቸው ልጆች አሏቸው፣ ሁለት ወንዶች። ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ገብስ አብረን ነው የምናጭደው። የደሙ ባለዕዳ በሕይወት ካለ ነገሩ የእሱ ነው። ከሞተ ግን ደሙ ወደነሱ ይዞራል። እኔ እንዲዞር አልፈልግም፣ እህቴ። የሚጠይቁኝ አሉ፣ ለእነሱ መልስ ይዤ መሄድ አለብኝ።»

ማኅበሩ በሕይወት መኖሩን እንድንገልጽ የጠየቀው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አይቻቸው የማላውቃቸው ሁለት የአጎቴ ልጆች የተረፉት በእኔ መልስ ነበር። ያ መልስ ደግሞ አባቴን ከቤቱ አስወጣው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው መምጣቱን አልተወም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ግን ሞኝ አልነበረም። አምቦ ለገበያ በወረደ ቁጥር ዱላውን ውጭ አስደግፎ ይገባል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ተራው ሲደርስ «ዛሬስ?» ይለኛል። የለም እለዋለሁ። አንዳንዴ የእናቱን ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣልኛል። አልበላውም፣ መጣልም ፈርቼ በመሳቢያ አቆየዋለሁ። በስድብ ቢመጣ፣ ጠጥቶ ቢመጣ፣ ለዘበኛ እናገር ነበር። በትሕትና የመጣን ሰው ለማን ይናገሩበታል? እርቅ ፈልጎ ይሁን ደም ፈልጎ፣ ከፊቱ ላይ ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁትም።

የመንደር ምሥረታው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ገበሬው ከየጎጡ እየተነሳ ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሰፍር ታዘዘ። የወንዝ ስም፣ የዛፍ ስም፣ የአባት ስም የነበረው ቦታ ሁሉ መንደር አንድ፣ መንደር ሁለት ተባለ። ማኅበራትም የነዋሪዎቻቸውን ዝርዝር በየሦስት ወሩ እንዲልኩ ሆነ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ከጎኑም የተወለደ፣ የለቀቀ፣ የሞተ የሚል። ዝርዝሩ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል።

አንድ ቀን ከጌዶ ወዲያ ካለ ማኅበር የመጣ ዝርዝር ስፈታ እጄ ቆመ። ጽሕፈቱን አወቅሁት። አባቴ ፊደል የቆጠረው ደብር ውስጥ በመቃ ብዕር ነው፤ ቋሚውን አደንድኖ፣ አግድሙን አቅጥኖ ይጽፋል። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ የእኔም ጽሕፈት እንደሱ ነው። መጀመሪያ ራሴ የጻፍኩት መስሎኝ ነበር። በዚያ ማኅበር የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አናጢውን ጸሐፊ አድርገውት ኖሯል። የሰዎቹን ስም እየተከተልኩ ወረድኩ። አናጢ የተባለ አንድ ሰው አለ፣ ዕድሜው የአባቴ ነው። ስሙ የአባቴ አይደለም፣ የአባቱም ስም የአያቴ አይደለም። ሰው የአባቱን ስም አይዋሽም ብዬ መሳቄ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ሚስት በሚለው ሥር የለም ብሏል። ልጅ በሚለው ሥርም የለም ብሏል፣ በዚያው በደንዳና ቋሚ።

ከልቤ አዘንኩ። ለእኔ ሲል እንደጻፈው አውቃለሁ፣ ቢሆንም አዘንኩ። ቀና ስል ሰውየው አግዳሚው ላይ ነበር። ሲገባ አላየሁትም።

«ዛሬስ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። ወረቀቱ በሁለታችን መካከል ተዘርግቶ ነበር። ማንበብ ይችል እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ጌዶ ከአምቦ ሩቅ አይደለም፣ ጠዋት የተነሳ ሰው ከምሳ በፊት ይደርሳል። አልሄድኩም። ብሄድ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው እንደማይኖር ማን ያውቃል? እናቴንም እንዳትሄድ ስል አልነገርኳትም። በየሦስት ወሩ ዝርዝሩ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈታው የዚያን ማኅበር ነበር፤ ቋሚው ደንድኖ ካየሁ ሦስት ወር እተነፍሳለሁ። ከአባቴ ጋር ለአምስት ዓመት ያህል እንዲህ ተገናኘን። እሱ እንደማነበው ያውቅ እንደነበር አላውቅም፣ ግን ኅዳጉ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር፣ እኔን እንደሚያስተምረኝ ጊዜ።

መንግሥቱ ሊለወጥ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ መንገዱ በወታደር መኪና በተሞላበት ሰሞን፣ ዝርዝሩ ዘግይቶ መጣ። ስፈታው ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ ተማሪ የጻፈው። እየፈራሁ ወደ አናጢው ወረድኩ። ከጎኑ፣ ሞተ በሚለው ሥር፣ ምልክት ተደርጎበታል። ከምን እንደሞተ ቅጹ አይጠይቅም። የት እንደተቀበረም አይጠይቅም።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቅዳሜ ስለነበር ሰውየው መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከእኔ ጋር አርጅቷል ማለት ይቻላል። ያን ቀን ግን «ዛሬስ?» አላለም።

«እህቴ፣ ወገኖቼ ሰልችቷቸዋል» አለ። «ሰውየው ይሄኔ ሞተዋል፣ ነገሩ ወደ ወንድማቸው ልጆች ይዙር እያሉኝ ነው። አንቺ የመንግሥት ወረቀት ታያለሽ። እውነቱን ንገሪኝና ልንገራቸው።»

እንባዬ ከዓይኔ ሥር ቆሞ ነበር። ሁለቱ የአጎቴ ልጆች እዚያ ብርድ አገር ከዚህ ሰው ጎን ቆመው ገብስ ሲያጭዱ ታዩኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ክንዴን አስደገፍኩበት።

«አባቴ አለ» አልኩት። «የት እንዳለ አላገኘሁም እንጂ በሕይወት አለ።»

ከክንዴ ሥር ያለውን ወረቀት አየ። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተነሳ፣ ዱላውን አነሳና ወደ ገበያው ወረደ። ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር፣ እንዴት ዋልሽ አለችኝ፣ ደህና አልኳት። ቢነገራት ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወሬው ከገበያተኛ ጋር ጎጆ ይደርሳል። እናቴ ባሏን እንደጠበቀች ሞተች፣ እኔም ለአባቴ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።